አዲሱ ሸራ 8 ሳንቲም አጠረኝ፣ ልቀጥልበት ወይስ ልመልሰው? (የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ ድንኳን ሸራ ስለመቀየር)

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ባለ 2 ሰው ተገልባጭ የበረዶ ላይ ማጥመጃ ድንኳን አለኝ (ስሌድ በሚባለው የሚጎተት የፕላስቲክ መቀመጫው ላይ ታጥፎ የሚተኛ፣ ሲፈለግ ተገልብጦ የሚቆም)። ስሌዱና ቱቦዎቹ ደህና ናቸው፣ ሸራው ግን ተበጣጥሶ አለቀ። ለዚሁ ሞዴል ይሆናል የተባለ ምትክ ሸራ ገዛሁ፣ የድሮው ስስ ነበር፣ አዲሱ ውስጡ ሙሌት ያለው ሙቀት የሚይዘው ዓይነት ነው። ጋራዥ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ፣ ከኋላ ጥግ ጀምሬ እያሰርኩ ፊት ስደርስ 8 ሳንቲም አጠረኝ፣ የበሩም ዚፕ አይገናኝም። ቁራጭ ልስፋበት ወይስ ልመልሰው?»

ሰላም ወንድሜ፣ መጀመሪያ መቀሱንም ድሪሉንም ወደዛ አርጋቸው። እስካሁን ካልበሳኸው በጣም ጥሩ፣ ምክንያቱም አንዴ ከተበሳ በኋላ ማንም ሻጭ አይቀበልህም። ከጻፍከው ተነስቼ ስገምት ሸራው አላጠረም፣ አሰቃቀሉ ነው ያሳጠረው። ሦስት ነገር ነግረኸናል፣ ሦስቱም ለየብቻቸው ሸራ ያሳጥራሉ። ብርድ ላይ ነው የሞከርከው፣ ከጥግ ነው የጀመርከው፣ ከስስ ወደ ወፍራም ነው የቀየርከው። ሦስቱ ተደምረው 8 ሳንቲም ቢበሉህ እኔ አይገርመኝም።

ብርዱን ላስቀድም። የነዚህ ድንኳኖች ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ 300 ወይ 600 ዲንየር ምናምን ተብሎ የሚሸጠው (ዲንየር ማለት የክሩ 9,000 ሜትር ስንት ግራም ይመዝናል ማለት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይወፍራል)፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ ውሃና ንፋስ እንዳያሳልፍ ፖሊዩረቴን ተቀብቷል። ይሄ ቅባት ሲበርደው እንደ ካርቶን ይደርቃል። ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ ከርሞ የመጣ ሸራ ደግሞ በየእጥፋቱ ትንሽ ትንሽ ይሰርቅሃል፣ እጥፋቱን በእጅህ ስትስበው የተዘረጋ ይመስልሃል እንጂ አልተዘረጋም። የፕላስቲክ መስኮቶቹማ ጭራሽ፣ በዛ ብርድ ብታጥፋቸው ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሸራውን ቤት አስገባው፣ ሙሉ በሙሉ ዘርግተህ ወለል ላይ ወይ አልጋ ላይ አሳድረው፣ በማግስቱም እዛው ሙቀት ውስጥ ግጠመው። ስሌዱ ቤት የማይገባ ከሆነ ጋራዡን ለግማሽ ቀን አሙቀው። ፀጉር ማድረቂያ እጥፋት ላይ ማስኬድ ይቻላል ግን ከሩቁ፣ መስኮቱ ጋ ደግሞ ባትሞክረው ይሻላል።

ሸራው እየሞቀ ሳለ አንተ ወደ ብረቱ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ «ቱቦዎቹ ደህና ናቸው» ትላለህ ግን በምን አወቅክ? የድሮው ሸራ አብሯቸው ስለኖረ ቱቦው በተጣመመበት በኩል እሱም ለቆ ተመችቷቸዋል። አዲሱ ግን በፋብሪካ ልክ ነው የተሰፋው፣ ይቅርታ አያውቅም። ስለዚህ ራቁቱን አቁመው፣ ሸራ ሳይኖርበት ቅስቶቹን (ሸራውን የሚሸከሙትን የቱቦ ቀስቶች) ሁሉ ገልብጠህ የሚረዝሙትን አርዝመህ ቆልፋቸው። ከዛ በሜትር ሰያፍ ለካ፣ ከፊተኛው ቅስት የግራ እግር እስከ ኋላው የቀኝ ጥግ፣ ቀጥሎ በተቃራኒው። ሁለቱ ልኬቶች ከ2 ሳንቲም በላይ ከተለያዩ ብረቱ ተጣሟል ወይም ስሌዱ ላይ የያዘው ማጠፊያ ላልቷል። የተጠረጠረውን ቱቦ አውጥተህ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አንከባለው፣ የአራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ አንድ ጎኑን ወለሉ ላይ አስተኝተህ በታች ብርሃን ያልፍ እንደሆን እይ። ትንሽ የተጣመመ ብረት ቀስ ብሎ ይቃናል፣ አልሙኒየም ግን አንዴ ታጥፎ ከተቃና እዛው ቦታ ላይ ይደክማል፣ እሱን መቀየር ነው። የሚረዝሙት ቱቦዎች ሁሉም እስከ መጨረሻ ቀዳዳቸው መውጣታቸውን አረጋግጥ፣ ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ እኔ አንድ ሰው «ሸራው ትልቅ ሆነብኝ» ብሎኝ ሄጄ አንዱ ቱቦ ውስጥ በረዶ ቀርቶ ሳይወጣ ቀርቶ አግኝቼዋለሁ።

አሁን ይመለስ ወይስ አይመለስ ለሚለው መልሱ እዚህ ጋ ነው። የሞቀውን ሸራ ውስጡን ወደ ላይ አርገህ ዘርጋው። ቱቦዎቹን የሚያቅፉ የቬልክሮ ማሰሪያዎች በረድፍ በረድፍ ተሰፍተው ታያለህ፣ እያንዳንዱ ረድፍ የአንድ ቅስት ነው። በጣሪያው መሀል መስመር ላይ ከአንዱ ረድፍ እስከ ቀጣዩ ረድፍ ስንት እንደሆነ ለካ። ከዛ ብረቱ ላይ ሄደህ ከቅስት አናት እስከ ቅስት አናት ለካ። የረድፎቹ ቁጥር ከቅስቶቹ ቁጥር ካልገጠመ (ብረቱ 4 ቅስት ሆኖ ሸራው 3 ረድፍ ማሰሪያ ብቻ ካለው) በቃ፣ ሌላ ሞዴል ነው የላኩልህ፣ መልስ። ቁጥሩ ገጥሞ ርቀቱ 1 ወይ 2 ሳንቲም ቢለያይ ያንተው ነው፣ ሲወጠር ይደርሳል። አንዱ ርቀት ላይ ብቻ 5 ሳንቲምና ከዛ በላይ ከጎደለ ደግሞ የሌላ ዓመት ምርት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ አምራቾች ስሙን ሳይቀይሩ የቱቦውን ርዝመት ወይ የማጠፊያውን ቦታ ይቀይራሉ። ስሌዱ ላይ የተለጠፈውን የሞዴልና የምርት ቁጥር ከሸራው ምልክት ጋር አስተያየው። የድሮውን ሸራ ካልጣልከው እሱንም ጎን ለጎን አንጥፈው፣ ቢበጣጠስም ረድፎቹ የት የት እንደነበሩ ይነግርሃል። እንዳትጥለው ባይሆን፣ ኋላ ለማጠናከሪያ ቁራጭ ትፈልገዋለህ።

ልኬቱ ከገጠመ ወደ መስቀሉ። ከጥግ ከጀመርክ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠራቀማል፣ እያንዳንዷ ማሰሪያ ግማሽ ሳንቲም ስትሸሽ አስራ ምናምነኛዋ ላይ ስትደርስ 8 ሳንቲም ሆና ትጠብቅሃለች። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን ከጥግ ጀምሬ፣ አልደርስ ሲለኝ በጉልበት ስቤ ቆልፌ፣ ሐይቅ ላይ ንፋስ ሲመታው የበሩ ዚፕ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ሙሉ ቀን በሩን በእጄ ይዤ ነው ያጠመድኩት፣ ማጥመድ ካልነው።

ስለዚህ ከመሀል ጀምር። ሸራውን ለሁለት እጠፈውና የጣሪያውን መሀልና የኋላውን ጠርዝ መሀል በጠመኔ ምልክት አርግ፣ ስሌዱም ላይ የኋላ ከንፈሩን (የላይ ጠርዙን) ለክተህ መሀሉን ምልክት አርግ። ቀጥሎ አንድ ነገር አደራ፣ በሮቹንና መስኮቶቹን በሙሉ ዝጋ። ዚፑ ተከፍቶ ከሰቀልከው ሸራው በዚፑ ክፍተት በኩል ይላላና ልኩ ልክ ይመስልሃል፣ ከዛ ዚፑን ስትዘጋ ነው ጉዱ የሚወጣው፣ ያንተም «ዚፑ አይገናኝም» ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። የሚረዝሙትን ቱቦዎች ደግሞ መልሰህ ግማሽ ድረስ አስገባቸው፣ ብረቱ እንዲያጥር፣ ሸራው ላልቶ እንዲወድቅበት። በዚህ ሁኔታ ከመሀለኛው ቅስት አናት ጀምረህ ማሰሪያዎቹን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እያልክ እሰር፣ ሳታጠብቅ፣ ጣት እስኪያስገባ። ከዛ ፊተኛውን ቅስት፣ ከዛ ኋለኛውን። ሁሉም ከታሰረ በኋላ ቱቦዎቹን በየተራ አርዝም፣ አንዱን ጎን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ፣ ግራውን ትንሽ ቀኙን ትንሽ፣ አህያ ስትጭን ሁለቱን ጎን እያመዛዘንክ አይደል የምትጭነው፣ ልክ እንደዛ። የመጨረሻው ቁልፍ በአውራ ጣት ግፊት ጠቅ ካለ ልኩ እሱ ነው። ጉልበትህን አስደግፈህ የምትገፋው ከሆነ አንድ ቦታ የታሰረ ነገር አለ፣ ፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያ ከቱቦው ጋር ተጠማዞ ወይ ጨርቁ ማጠፊያው ውስጥ ተቆንጥጦ ነው የሚገኘው።

እስካሁን ብሎን አልነካንም፣ ልብ በል። ስሌዱ ጋ የሚያያዘው የታችኛው ጠርዝ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ድንኳኑ ቆሞ፣ ተወጥሮ፣ ዚፑ ተዘግቶ ሳለ የታችኛው ጠርዝ በራሱ የት እንደሚያርፍ ያሳይሃል፣ አንተ ወደምትፈልግበት አትሳበው፣ እሱ ያረፈበት ቦታ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ወይ በክላምፕ ያዘው። ከዛ የኋላውን መሀል አንድ ብሎን፣ ቀጥሎ ከግራው አንድ ከቀኙ አንድ፣ ጥጎቹን የመጨረሻ መጨረሻ። ሁሉንም ግማሽ ድረስ ብቻ እሰር።

ጨርቁን በድሪል አትብሳው። የድሪሉ ጫፍ የፖሊስተሩን ክር ይይዝና ጠቅልሎ ይስበዋል፣ እስከ ጠርዙ ድረስ መስመር ያወጣልሃል። የጋለ ወስፌ ወይም የብየዳ እርሳስ ማቅለጫ ጫፍ ነው የሚሻለው፣ እየበሳ ጠርዙን አቅልጦ ስለሚዘጋው ክሩ አይተረተርም (ጭሱ አይጠቅምም፣ መስኮት ክፈት)። የስሌዱን የድሮ ቀዳዳዎች ተጠቀምባቸው። ያፈጁት፣ ብሎኑ የሚሽከረከርባቸው ካሉ ደግሞ ወፍራም ብሎን ከመጠቅጠቅ በአሳላፊ ብሎን ከበስተኋላው ሰፊ ሮንዴላና የማይላላ ዳዶ አርገህ እሰረው። ጫፉ ወደ ውስጥ የሚወጣ ከሆነ ቆርጠህ ሸፍነው፣ ማታ በጓንት እጅህ ስትዳብስ ታመሰግነኛለህ። ብሎኖቹ የማይዝጉ ቢሆኑ ይሻላል።

አሁን የምነግርህን ግን ብዙ ባለሙያም አይነግርህም። ስሌዱ ፖሊኤትሊን ፕላስቲክ ነው፣ ይሄ ፕላስቲክ በብርድ በጣም ይሰበሰባል። ሁለት ሜትር ስሌድ ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ ላይ ገጥመህ ሐይቁ ላይ ከዜሮ በታች 20 ስታደርሰው፣ የ40 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው፣ 1 ሳንቲም ገደማ ያጥራል። ጨርቁን ጨፍልቆ የሚይዘው የአልሙኒየም ጠፍጣፋ ግን በዛው ልዩነት የሚያጥረው 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ረጅሙን አልሙኒየም ቤት ውስጥ ጥርቅም አርገህ ካሰርከው ውጭ ሲወጣ ወይ በብሎኖቹ መሀል ያብጣል ወይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፣ ከዛ ሰው «ስሌዱ ያረጀ ነው» ይላል። መፍትሄው ቀላል ነው። የጠፍጣፋውን የመሀል ቀዳዳ ልክ በልክ ተወው፣ ወደ ጫፍ ያሉትን ግን በትንሽ ሞረድ ወደ ጎን ሞላላ አርጋቸው፣ ብሎኑ መንሸራተቻ እንዲኖረው። ወይም ጠፍጣፋውን ቆራርጠህ በመሀላቸው ትንሽ ክፍተት ተው፣ እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው ምክንያቱም አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ነው የምትፈታው። አጠባበቁ ደግሞ በእጅ ካቻቪቴ ይሁን፣ ሮንዴላው ጨርቁ ላይ ተኝቶ መሽከርከር ሲያቆም በቃ።

ብሎኖቹ ሁሉ ግማሽ ታስረው ሳለ ድንኳኑን አምስት ስድስት ጊዜ ክፈተው ዝጋው። ሰው ቆሞ ሲያየው ልክ ከሆነ ይበቃዋል፣ ግን ይሄ ዕቃ አብዛኛውን ዕድሜውን ታጥፎ ስሌዱ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሲታጠፍ ቅስቶቹ ስሌዱ ከንፈር ላይ ይተኛሉ ወይስ ሸራው ቀስፎ ይዟቸዋል? ማጠፊያው አካባቢ ጨርቁ የሚቆነጠጥበት ቦታ አለ? እዛች ቦታ ላይ በመጀመሪያው ክረምት ቀዳዳ ትወጣለች፣ ያለምንም ጥርጥር። ከድሮው ሸራ ጤነኛ ቦታ ቆርጠህ ድርብ አርገህ ስፋባት ወይ ለጥፍባት። ይሄን ጨርሰህ ነው ብሎኖቹን የምታጠብቃቸው።

ስለ ወፍራሙ ሸራ ልመለስ። ሙሌት ያለው ሸራ በየቅስቱ ሲታጠፍ ውፍረቱ ራሱ ርዝመት ይበላል፣ ስስ ወረቀትና ወፍራም ብርድ ልብስ በአንድ ገመድ ላይ ስታሰጣ ማለት ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት የሚጨንቀው ለዚህ ነው፣ ሙሌቱ ቱቦው ላይ ሲጨፈለቅ ይለቃል። የድሮዎቹ ብሎኖችም ሊያጥሩብህ ይችላሉ። ሲታጠፍ ቁመቱ ስለሚጨምር ደግሞ ለጉዞ ከላይ የምታለብሰው መሸፈኛ ላይገባለት ይችላል፣ እሱን ቀድመህ ለካው። ክብደቱም ይጨምራል፣ በእግር የምትጎትት ከሆነ ታውቀዋለህ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አየሩ። የድሮው ሸራህ ተበጣጥሶ ነበር አይደል፣ በነዛ ቀዳዳዎች ነበር ስትተነፍስ የነበረው። አዲሱ ጥቅጥቅ ብሎ ይዘጋል፣ አንተ ደግሞ ያንኑ የጋዝ ማሞቂያ ይዘህ ትገባለህ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ሲጀምርህ «ብርዱ ነው» ትላለህ። ሸራው ላይ የተሰሩትን መተንፈሻዎች ማሞቂያው በርቶ ሳለ አትዝጋቸው፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ መግቢያ ይኑር፣ በባትሪ የሚሰራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም በተቀመጥክበት በራስህ ቁመት ላይ አንጠልጥል። ጨርቁ ላይ ሲፒኤአይ-84 የሚል ምልክት ካየህ እሳትን ይቋቋማል ማለት ነው እንጂ አይቃጠልም ማለት አይደለም፣ ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ቀልጦም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማሞቂያው ከጨርቁ ይራቅ፣ ንፋስ ሸራውን ወደ ውስጥ ሲገፋው የሚደርስበትን አስበህ።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ አርገህም 3 ወይ 4 ሳንቲም ቢቀርህና ሻጩም አልቀበልም ቢልህስ? ያኔ መስፋት ይቻላል፣ ግን ዚፑ ጋ በፍጹም። ቁራጩ የሚገባው ስሌዱ ጋ በሚያያዘው የታችኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ እዛ ጋ ጉልበቱ ይከፋፈላል፣ ቢያምርም ባያምርም ማንም አያየውም። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ፖሊስተር፣ የፖሊስተር ክር (ጥጥ እርጥበት ይዞ ይበሰብሳል)፣ 100 ወይ 110 ቁጥር መርፌ፣ ሁለት መስመር ስፌት። የስፌቱ እርምጃ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ካጠጋጋኸው ጨርቁን እንደ ቴምብር ትበሳሳውና በዛው መስመር ይቀደዳል። ስፌቱን የምትቀባው ማሸጊያም የዩረቴን ይሁን፣ ሲሊኮን በፖሊዩረቴን ቅባት ላይ አይዝም፣ ተልጦ ይወድቃል።

በነገራችን ላይ ይሄን የሚያነብ ሰው ድንኳኑ ተገልባጭ ሳይሆን በየግድግዳው መሀል እምብርት ያለው፣ ከውጭ ስትስበው ቱፍ ብሎ የሚቆመው ዓይነት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ላይ የፋይበርግላስ ዘንጎቹ ራሳቸው ናቸው ሸራውን የሚወጥሩት፣ ሸራ ስትቀይር እምብርቱን ፈትተህ ዘንጎቹን ከጥግ ኪሳቸው አንድ በአንድ ታወጣለህ። ተወጥረው ሳለ እንዳትነካቸው፣ ተፈናጥረው ዓይን ያጠፋሉ፣ ስንጥራቸውም ቆዳ ውስጥ ገብቶ አይገኝም፣ ስለዚህ ጓንትና መነጽር።

ሐይቁ ላይ ስታወጣው የመጀመሪያ ቀን ንፋስ የሌለበት ቀን ምረጥ። የታችኛውን ዘርፍ ወደ ውጭ ዘርግተህ ደረቅ በረዶ ጫንበት፣ እርጥብ ጭቃ መሳይ በረዶ ከጫንክበት ግን ማታ ከግግሩ ጋር ይጋገርና ስትነቅለው ስፌቱ ይሄዳል። ከተጋገረብህም በመጥረቢያ እንዳትመታው፣ ዙሪያውን በአካፋ ፈልፍለህ ከነበረዶው ንቀለውና ቤት ይሟሟ። ቤት ስትመለስም እርጥቡን አጥፈህ አትተወው፣ ገልብጠህ አድርቀው፣ እርጥበት የከረመበት የፖሊዩረቴን ቅባት እየተጣበቀ ይላጣል፣ ሽታውም አይለቅም። ዚፑ ላይ ሻማ አሽበት፣ ተንሸራታቹ ካለፈ በኋላ ጥርሱ ከኋላ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ የተንሸራታቹን ሁለት ጎን በፒንሳ በጣም በቀስታ ጫን አርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዚፑ ሳይሆን እሱ ነው የላላው።

አሁን ሸራውን ቤት አስገብተህ አሳድረውና ነገ ሁለቱን ሰያፍ ልኬቶችና በረድፎቹ መሀል ያለውን ርቀት ጻፍልኝ፣ የቅስቶቹንም ቁጥር። እነዛን ካየሁ ይመለስ ወይ አይመለስ ቁርጡን እነግርሃለሁ።